ቀዩ ወረቀት ከዛሌሺን ላይ የተነሳበት ቀን

ቦጉሚላ የምትሠራው ዛሌሺን በምትባለው የፖላንድ ትንሽ ከተማ፣ በሥራ አጦች ጽሕፈት ቤት ነው። ስልክ ታነሳለች፣ ሥራ የፈታውን ሰው በቀጠሮው ቀን ታስፈርማለች፣ ማሞቂያው ሲበላሽም የምትጠራው እሷ ናት። ሰው የሚያውቃት ግን በካርታዋ ነው።

ካርታው ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የክፍለ ሀገሩ ካርታ ነው። ወሩ አልቆ ከየወረዳው የድጎማ ጠያቂው ቁጥር ሲመጣ፣ ቦጉሚላ ባለቀለም ወረቀት በወረዳው ቅርፅ ትቆርጥና በስፒል ትሰካበታለች። ድጎማ ጠያቂ የበዛበት ወረዳ ቀይ ነው፤ ሻል ያለው ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ደህና የሆነው አረንጓዴ። የሌሎቹ ወረዳዎች ቀለም ይለዋወጣል። ዛሌሺን ግን ካርታው ከተሰቀለ ጀምሮ ቀይ ናት። ቀዩ በፀሐይ ሲነጣ ቦጉሚላ አዲስ ቀይ ቆርጣ በላዩ ትደርባለች። አሮጌውን አንስታ አታውቅም፤ ለምን ታነሳዋለች?

"እትዬ ቦጉሚላ፣ ያንቺ ቀይ ወረቀት አያልቅም እንዴ?" ይላታል ጎረቤቷ ዜኖን፣ ሊፈርም በመጣ ቁጥር።

"አንተ ሥራ ግባና ያልቃል!"

"እኔማ እገባ ነበር፤ አንቺ ሥራ እንዳትፈቺ ብዬ ነው እንጂ።"

ኮሪደሩ በሳቅ ይሞላል። እሷም ትስቃለች። ግን ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ በዛሌሺን ቅርፅ የተቆረጠ አንድ ብርቱካናማ ወረቀት አለ። መቼ እንደቆረጠችው ራሷም አታስታውሰውም። ለማንም አሳይታው አታውቅም፣ ታፍራለች። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት እሱን አንድ ቀን መስካት ነው የምትፈልገው።

በዚያ ዓመት በጸደይ ከከተማው ዳር የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተከፈተ። ቁጥሩ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። በጋው ደረቅ ነበር፣ ዝናብ የሚባል ጠፋ። መስከረም ደረሰ፤ የዛሌሺን ሰው የሚፈርምበት ሳምንት መጣ። ሰኞ ጥቂት ሰው መጣ። ማክሰኞ ከዚያም ያነሰ። ሐሙስ ቀን ኮሪደሩ ባዶ ሆነ፤ ወንበሮቹ ብቻ!

ቦጉሚላ ልቧ ዘለለ። ሮጣ የኃላፊው በር ላይ ደረሰች።

"አቶ ሴቬሪን! ሰው የለም! ሥራ ገብተዋል!"

ሴቬሪን ወጣት ነው፣ የዚያው አገር ልጅ ነው። ወጥቶ ባዶውን ኮሪደር አየና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እትዬ ቦጉሚላ፣ ይሄ ነገር እውነት ከሆነ ነገ ኬክ እገዛለሁ። ካርታውን እርስዎ ይቀይሩታል፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ!"

ያን ዕለት ወደ ቤቷ የሄደችው እግሯ መሬት ሳይነካ ነው፤ ያ ቀሽም ጉልበቷ እንኳ አላመማትም። በሯ ላይ ስትደርስ ደፉ ላይ አንድ ባልዲ ተቀምጧል። ክዳኑን ገለጥ አደረገች። እንጉዳይ! አፈር ያልተራገፈለት፣ ትኩስ እንጉዳይ።

ዜኖን ነው ያስቀመጠላት። ሁልጊዜ ያስቀምጥላታል፤ እሷ ጉልበቷን ስለሚያማት ጫካ አትሄድም።

ባልዲው አጠገብ ቁጭ አለች። ባለፈው እሑድ ዘንቦ ነበር፤ ከስንት ድርቅ በኋላ። መቼም የዛሌሺን ሰው ከእንዲህ ያለ ዝናብ በኋላ ቤቱ አይገኝም። ሠርግ ቢኖር ሠርጉ ይቀራል። ይሄን እንዴት ረሳችው! ሰዎቹ ሥራ አልገቡም፤ እንጉዳይ ፍለጋ ጫካ ነው የገቡት። ቀጠሮውን በጸደይ ያወጣችው ደግሞ ራሷ ናት። ዓርብ ማታ ድረስ ያልፈረመ ሰው ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ድጎማውም የህክምና ዋስትናውም ይቋረጣል። የዜኖን ሚስት ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷን የምታገኘው በዚያ ዋስትና ነው።

በማግስቱ ገና ቢሮው ሳይከፈት ሴቬሪንን በር ላይ ጠበቀችው። ኬክ ይዞ መጣ።

"አቶ ሴቬሪን፣ ኬኩ ይቆይ። እንጉዳይ ለቀማ ናቸው።"

ሴቬሪን ኬኩን ዝቅ አደረገ። "ለካ እናቴም ሦስት ቀን ስልክ ያላነሳችው…" አለና ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "ይደውሉላቸዋ!"

"ማን ጫካ ውስጥ ስልክ ያነሳል? ከጮኸ እኮ ቦታው ይታወቅበታል።"

"ይሂዱና ያምጧቸው እንግዲህ። እኔ ማታ ድረስ አልዘጋም። ካርታውስ?"

"ካርታው ቀይ ሆኖ ይቅር" አለች።

የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኛው ቪቶልድ ድምፅ ማጉያ ያለው መኪና ይዞላት መጣ። ጫካው አፍ ላይ ሲደርሱ ማጉያውን አቀበላት። ቦጉሚላ በሰው ፊት ጮኻ አታውቅም። ማጉያው መጀመሪያ ሲጢጥ አለ፣ ደነገጠች። ከዚያ፣

"የዛሌሺን ሰዎች! ለመፈረም ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው! ኑ ውጡ!"

ዝም። ወፍ ብቻ። አንድ ቅርንጫፍ ቀጭ አለ፤ መልሶ ዝም። እዚያ አገር ሰው እንጉዳይ ሲለቅም አይናገርም፤ ቢጠሩት አቤት አይልም። ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ እስኪያልፉ ይጠብቃል።

"ኧረ ቦታችሁን አልፈልግም!" ብላ ጮኸች። "አይኔን ጨፍኛለሁ! ቪቶልድም ጨፍኗል!"

"እኔ እየነዳሁ ነው እትዬ" አለ ቪቶልድ።

"ዝም በል፣ ጨፍኛለሁ በላቸው! ዜኖን! የሚስትህ መድኃኒት ይቋረጣል፣ ሰማህ?"

ከአንድ ጥድ ጀርባ የዜኖን ባርኔጣ ብቅ አለ። ሮጦ መጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ በናትሽ አትጩሂ! ይሄን ቦታ አባቴ ለናቴ እንኳ ሳይነግራት ነው የሞተው!"

"መኪናው ላይ ውጣ!"

እሱ ከወጣ በኋላ ከየጥዱ ሥር ይነሱ ጀመር። ከዚህ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፤ ሁሉም ቅርጫቱን በኮቱ ሸፍኗል፣ እርስ በርስ በጎሪጥ ይተያያሉ። ያድቪጋ የምትባል አንዲት ሴት ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ያድቪጋ፣ አንቺስ?"

"እኔ ምን ልሠራ? ፋብሪካ ከገባሁ ቆየሁ እኮ! ዛሬ ዕረፍቴ ነው።"

"መጥተሽ አልነገርሽንማ!"

"ሥራ ከገባሁ ወዲያ እናንተ ጋ ምን አመጣኝ?"

"እኔም ገብቻለሁ!" አለ አንድ ድምፅ ከቁጥቋጦ ውስጥ፣ ራሱን ሳያሳይ። ሌላም ከራቅ ብሎ "እኔም!" አለ። ቦጉሚላ ማጉያውን ደረቷ ላይ ያዘችው። የሞተው ተስፋዋ እንደገና ነፍስ ይዘራ ጀመር።

ያን ቀን ኮሪደሩ በቅርጫትና በጭቃ ጫማ ተጨናነቀ፣ የጥድ ሽታ ሸተተ። ሥራ የፈታው ሁሉ ፈረመ፣ ሥራ የገባውም ስሙን ከመዝገብ አሰረዘ፤ ዜኖን ሁለቴ ሊፈርም ነበር። ከዚያ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ሴቬሪን ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ፣ ሰው በሩን ዘግቶ ቆሞ፣ ቦጉሚላ ከኋላ የሹራቧን ጫፍ እየጠመዘዘች።

ሴቬሪን ቀና አለ። "ከቀዩ በታች ነን" አለ። "ትንሽ ነው። ግን በታች ነን!"

ኮሪደሩ አበደ! አንዱ ቅርጫቱን ወደ ላይ ወረወረ፤ እንጉዳይ ሰው ራስ ላይ ዘነበ። ቦጉሚላን ገፍተው ካርታው ፊት አቆሟት። ስፒሎቹን ነቀለች። ቀዮቹ ወረቀቶች አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ መጽሐፍ ሆነዋል፤ በጥፍሯ ፈልቅቃ አነሳቻቸው።

ከሥሩ ካርታው ፀሐይ ሳይነካው ቁጭ ብሏል። ወረቀት ያልሸፈነው የካርታው ጠርዝ ገርጥቷል፤ ዛሌሺን ግን እንደ ትናንት የታተመች ናት። ወንዙ ሰማያዊ፣ ጫካው አረንጓዴ፣ የየመንደሩ ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሰው ተንጋጋ። "ያውና የኛ ሰፈር!" "ድልድዩ እኮ አለ!"

ቦጉሚላ ብርቱካናማውን ወረቀቷን በእጇ ይዛ ቆማለች።

"ቆይ እትዬ፣ አትሸፍኚው፣ ትንሽ እንየው" አለ ዜኖን። ወደ ካርታው ተጠጋ። "እዪ፣ ይሄ ጫካው ነው፣ ይሄ ወንዙ፣ የኔ ቦታ ደግሞ እዚህ…"

ኮሪደሩ በአንዴ ጸጥ አለ። ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

ዜኖን ዞር ብሎ አያቸውና ጣቱን ቶሎ ኪሱ ከተተ። "ሸፍኚው እትዬ" አለ። "ቶሎ ሸፍኚው!"

እየሳቀች ሰካችው።