በቀኝ ያልሁት በግራ ነበር

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል እንጂ ሙያው አናጢነት ነው። በጓሮው የሠራት ባለ ሸራ ጀልባ ሦስት ሰው ከያዘች ለአራተኛው እግር ማስቀመጫ የላትም። ወደ ጎረቤት ደሴት ሲሻገሩ እህቴ ከፊቱ ተቀምጣ አፏ አያርፍም። «ያ ሰማያዊ ጀልባ ዛሬም በቀኝህ ቆሟል፤ ውይ፣ ይሄን መረብ ደግሞ እዚህ ፊትህ ላይ ማን ጣለው?» ሰው «ምን ዓይነት ጆሮ ቢሰጠው ነው የቻላት!» ይል ነበር። እኔም አዝንለት ነበር።

ማዶ ያለችው ልጃቸው በወለደች ሰሞን እህቴ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘጋ። እሱ ግን የልጅ ልጄን ካልታቀፍሁ ብሎ እንቅልፍ አጣ። እኔ አብሬው ልሄድ ስነሣ እህቴ ከአልጋዋ እጅጌዬን ይዛ፣ «አደራ፣ ዝም እንዳትዪ» አለችኝ። ሳቅሁባት። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ መውረጃዬን የማልፍ ሰው ነኝ።

መሐል ባሕር ላይ ከፔርሙዙ ሻይ ሲቀዳልኝ ከኩባያው ውጭ አፈሰሰው። ጀልባዋ ተናውጣ ነው ብዬ ቀሚሴን ጠረግሁ።

ወደቡ ሲቀርብ ነፋሱ ከኋላችን በረታ። መግቢያው በሁለት የድንጋይ ካብ መሐል ያለ ጠባብ በር ነው፤ ማዕበሉ ካቡን እየመታ አረፋ ይተፋል።

«እትዬ፣ በሩ በየት በኩል ነው?»

በጣቴ አሳየሁት።

«በየት በኩል?»

ጣቴን ይበልጥ ዘረጋሁ። ዓይኑን አየሁት፤ ከራሴ በላይ ባዶው ሰማይ ላይ ተተክሏል። ለካ እህቴ ወሬኛ አልነበረችም! ለካ ዓይኑ እሷ ነበረች።

«ተናገሪ እንጂ፣ አንቺ!» ሲል ጮኸ። እስከዚያን ቀን ከ«እርስዎ» ሌላ ብሎኝ አያውቅም።

«በቀኝ!» አልሁ። ወዲያው ወደ ቀኙ አዞራት፤ ጀልባዋም አፍንጫዋን በቀጥታ ወደ ድንጋዩ አቀናች። ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ ስለተቀመጥሁ የነገርሁት የራሴን ቀኝ ነበር።

«በግራህ! የኔን ቀኝ ነው ያልሁህ፣ ላንተ በግራ ነው!» ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። «አሁንም ግራ... ትንሽ... በቃ፣ ቀጥ! ቀጥ በል!»

ካቡ ላይ የተለጠፉትን ዛጎሎች በእጄ ልነካቸው እስክችል ተጠግተን አለፍን።

ዳር ላይ መረብ የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ፣ «ካፒቴን፣ ዛሬ ደግሞ አዲስ ሬዲዮ አስገጠምህ?» ብሎ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ገመዱን በዳበሳ እያሰረ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለልጅቷ አይንገሩብኝ። እንደማላይ ካወቀች ሕፃኑን አታስታቅፈኝም።»

«ራስህ ትነግራታለህ» አልሁት። «ቁጭ ብለህ ትታቀፈዋለህ። ስንመለስም በመርከብ ነው፤ ጀልባዋን አማችህ ያመጣታል።»

«እርስዎ ደግሞ አንዴ አፍዎ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም!»

ልጅቱ ሕፃኑን ታቅፋ እየተጣደፈች መጣች። ኮቴዋን ሰምቶ ዞረ።

«እንካ አባዬ፣ ያዘው።»

እጁን ሊዘረጋ ብሎ ሰበሰበው።

«ቆይ ልጄ» አለ። «መጀመሪያ ወንበር ፈልጊልኝ። ዓይኔ አያይም።»