ለሽምግልና ተቀምጬ አሳለኝ

ትናንት ጠዋት ለሽምግልና እንደተቀመጥሁ አሳለኝ። ማሳል ነውር ነው እንዴ ትሉኝ ይሆናል... የእኔው ነውር ነበር። ስሙኝማ።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ከመሸገ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ያቃጥላል ሲባል፣ ታቦታችንን ገደል ሥር ካለው ዋሻ ልንደብቀው ተስማማን። ዋሻው የሌሊት ወፍ ቤት ነው። መሬቱ ኩስ በኩስ። እኔ ደግሞ የደብሩ ቄስ ነኝና «ታቦት እንዲህ ያለ እድፍ ላይ አይገባም!» ብዬ ጎረቤቴን ደምሌን መጥረጊያ አስያዝሁት። ደረቁን ኩስ ሲጠርገው አቧራው ዋሻውን ሞላው። እሱ ግን ለታቦት ነው ብሎ ደስ እያለው ጠረገ፤ ምስጢር ነው ብዬው ምን ሊሠራ እንደገባ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደምሌን ትኩሳትና ሳል ጣለው። ደረቱን ይዞ ያቃስታል። ሰው «ምን ነካው?» ሲለኝ ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን ጢሜን እያሻሸሁ «ታቦት ንጹሑን አይቀስፍም» አልሁ።

ይቺን ብቻ ነው የተናገርሁት። እሷ ግን አገር አዳረሰች። «ከሌላ ሴት ደርሶ ዋሻ ገብቶ ነው» ተባለ። ሚስቱ ጥሩወርቅ ይህን ስትሰማ ልብሷን ጠቅልላ አዊ አገር አባቷ ቤት ገባች።

ከዚያ ወዲህ ዋሻውን የምጠርገው ራሴ ሆንሁ። ሰነበትሁና... ትኩሳት! ሳል! ጋቢዬን አፌ ላይ አፍኜ እስላለሁ፣ የሰማኝ ሲጠይቀኝ «ብርድ ነው» እላለሁ። ደምሌን ረከሰ ያስባልሁ ሰውዬ ራሴን ምን ልበል?

ትናንት ጥሩወርቅ ለፍቺ መጣች። የሽማግሎቹ ሰብሳቢ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው... እኔ! ደምሌ ከስቶ፣ በዱላ ተደግፎ መጣ።

«ታቦቱ ምስክሬ ነው፣ ዋሻውን ጠረግሁ እንጂ ሌላ ያደረግሁት የለም» አላት።

ያኔ አሳለኝ። ልይዘው ብሞክር ባሰብኝ፣ ዐይኔ እንባ እስኪሞላ።

ጥሩወርቅ ቀና ብላ አየችኝ። «መምሬ፣ እርሰዎም ዋሻውን ጠርገዋል እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ብርድ ነው።»

በዚህ ዕድሜዬ፣ መስቀል በእጄ ይዤ ዋሸሁ።

ደምሌ ተቆጣት። «መምሬን ተያቸው! ብርድ ነው ካሉ ብርድ ነው። እሳቸው አይዋሹም።»

ይህን ሲል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ስሙን ያጠፋሁበት ሰው ለስሜ ቆመ! ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልሁም። ተነሣሁና «ጠርጌያለሁ። ትኩሳቱም ይዞኛል። ደብቄያችሁ ነው» አልሁ።

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጥሩወርቅ ግን ራሷን ያዘች።

«አባቴ እኮ ለማር ቆረጣ እንዲህ ያለ ዋሻ ይገባል! ደረቁን ኩስ በውሃ ሳያርሰው አይነካውም፣ አፍና አፍንጫውንም በነጠላ ያስራል። የሌሊት ወፍ ኩስ አቧራ የማገ ሰው ደረቱን ይታመማል ይላል። እኔ ዋሻ ጠረገ ያለኝ የለ፤ ወሰለተ ብቻ ነው የተባልሁት። ምነው አንዳችሁ እንኳ ብትጠይቁኝ?»

ማን ይጠይቃት! እኔ ፈርጄ ጨርሼ።

ደምሌ እግር ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጁ ያዘኝ። «ኧረ መምሬ፣ ነውር ነው!» አለኝ። ነውሩንማ ቀድሜ ሠርቼዋለሁ። ጥሩወርቅ ክንዱን ደግፋ ወደ ቤታቸው ወሰደችው። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ፤ አልፈርድባትም።

ዛሬ ጠዋት ያ ትኩሳት እንዳለብኝ እንስራ ሙሉ ውሃ ተሸክሜ ወደ ዋሻው ወጣሁ። መንገድ ላይ «ቄሱ እንስራ አዘሉ!» ብለው ሴቶቹ ሲስቁብኝ ዝም አልሁ። ኩሱን አራስሁት፣ አፌንም በነጠላ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁ።

ምነው ያኔ በታሰረ ኖሮ!