በነፃ የተሰጠን ልክ

ትክል ድንጋይ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ መምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ላፕቶፕ ነው፤ በእሱ የምንጠቀምበትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት አካውንት የከፈትኩትም እኔ ነኝ፤ በነፃ የሚሰጠውን። የምንልከው መልእክት ሁሉ እንደሚቆጠር፣ ፎቶ ወይም ሰነድ ሲያያዝ የበለጠ እንደሚቆረጥ፣ ልኩ ሲሞላ ለሰዓታት እንደሚዘጋ ወረቀቱ ላይ ዘርዝሬአለሁ። ዋና ዋናውን በቀይ አሠምሬበታለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ።

አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው አዛውንቱ የአማርኛ መምህር ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። ጎንደር ያለ አንድ ኮሌጅ ለክረምት ሥልጠና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማመልከቻ ይፈልጋል። የመጨረሻው ቀን ያ ዓርብ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዕድሜያቸው አይፈቅድም። በአማርኛ የጻፉትን ግማሽ ገጽ ፎቶ አንስቼ ላፕቶፑ ላይ ጫንኩላቸው። ማሽኑ ሲተረጉመው፣ በስድስት ሰዓቱ ሚኒባስ ጎንደር የሚሄዱት ርእሰ መምህሩ ያደርሱላቸዋል። «በሉ እንግዲህ ይጻፉለት» ብዬ ወደ ክፍል ገባሁ።

ስመለስ አምስት ሰዓት አልፏል።

«ምነው ዝም አለኝ?» አሉኝ።

ወደ ላይ እየገፋሁ አነበብኩ። እንደምን አደርህ ብለውታል። ደህና ነኝ፣ ምን ልርዳዎት ብሏል። እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ልከዋል። ሥራ እንዴት ይዞሃል ብለው ልከዋል። እንቅልፍስ ብለው ልከዋል። በእኛ በኩል ዝናቡ እንደዘገየ ነግረው፣ በሌላ መልእክት በእሱ በኩል እንዴት እንደሆነ ጠይቀዋል። ስድስት መልእክት። በሰባተኛው ፎቶውን ሲልኩ፣ ልክዎ ሞልቷል፣ ከአምስት ሰዓታት በኋላ ይመለሱ የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ሳቅኩ። ሌሎቹም ተሰበሰቡ።

«አያ፣ ሚስቱንም ጠየቁለት?» አለ የስፖርት መምህሩ።

«እሷን ልጠይቅ ስል ነው የዘጋብኝ» አሉ፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰላም ሳይሉ ጉዳይ ይነገራል እንዴ?»

«ለማሽን ይነገራል» አልኩ።

ወደ ወረቀቱ ወሰድኳቸው። ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሠርቼ ምን እንደሚቆጠር፣ ሁሉንም በአንድ መልእክት መላክ ለምን እንደሚሻል፣ ሰላምታ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስረዳኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ተማሪ ሰሙኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም።

«ገባኝ» አሉ ስጨርስ። «ታዲያ ማመልከቻው?»

ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ። ርእሰ መምህሩ ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

ያልተናገርኩት ይህ ነው። ያን ዕለት ተማሪዎች ሳይሰለፉ፣ አዲስ ለመጣችው የኬሚስትሪ መምህርት ላሳያት ብዬ፣ ማሽኑን አንድ የፈተና ወረቀት ደጋግሜ አስጽፌው ነበር። የቀረህ ጥቂት ነው ብሎ ሲያስጠነቅቀኝም አይቻለሁ። ስድስት ሰላምታ ብቻውን ልኩን አይሞላም። ይህን ከእኔ በቀር እዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም ሳቁ በእሳቸው ላይ እንዲቀር ተውኩት። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ያን ግማሽ ገጽ ሰሌዳው ላይ ሥዕል በምሠራበት ጊዜ በገዛ እጄ መተርጎም እችል ነበር። እንግሊዝኛው አያቅተኝም። ትዝ ያለኝ ሚኒባሱ ከዓይን ከጠፋ በኋላ ነው።

አያ ድሮ በደጄ ሲያልፉ ጎንደር ያለችውን እናቴን፣ እንቅልፌን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያዬን ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ደፉ ላይ ቆመው «የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ» ይላሉ። እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው፤ እሰጣቸዋለሁ። ይሄዳሉ።

አንድ ጠዋት ቀድሜ፣ «እንዴት አደሩ አያ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አልኳቸው።

ቁልፉን ከእጄ ተቀበሉ።

«ተው፣ ይቆጠርብሃል» አሉኝ።