ሦስት ቁጥር

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ኮረብታዋን እንድንይዝ ታዘዝን። ጋንታችን ውስጥ ዘጠኝ ነበርን። ሃምሳ አለቃችን ከመተኮስ በፊት ያስተማረን አወዳደቅ ነው። «መሮጡን ማንም ይሮጣል። መውደቅ የማያውቅ ግን አይነሳም» ይለን ነበር። ወድቀን በተነሳን ቁጥር ተራ ቁጥራችንን እንጠራለን። እሱ ሦስት ነበር፣ እኔ ስድስት።

አንድ ሰዓት ላይ ኮረብታዋ እጃችን ገባች። ፈንጂ ቀኝ እግሬን ከጉልበቴ በታች ወሰደው። ቁጥር ተጠራ። አምስታችን መለስን። «ሦስት» የሚል ግን ጠፋ።

ዛሬ ባለቤቴ ረቢየህ በሚባል ሰፈር የሰው ቤት በሰዓት እያጸዳች፣ እኔ ማርካ ሰፈር ስፌት ቤት ልብስ እየሰፋሁ፣ ዐረብ አገር ጀበል አል-ሁሴን እንኖራለን። አርብ አርብ እንደኔ አካላቸው የተጎዳ አበሾች ቤቴ ይሰበሰባሉ፤ ያወቀው ላላወቀው ያሳያል። ገነትን ያመጣቻት ባለቤቴ ናት። የማዳሟን መስኮት ስታጸዳ ወድቃ አንድ እግሯን አጥታለች። ሰው ሠራሽ እግር ተገጥሞላታል፤ ብቻዋን መንገድ መውጣት ግን ወይ ፍንክች። የስፌት ቤታችን ሙዲር፣ አለቃችን ማለት ነው፣ «ከሁለት ወር በኋላ እሑድ ብቻዋን በባስ ከመጣች ሥራው የሷ ነው» ብሎኛል። ካልሆነ ባዶ እጇን አገር ቤት ገብታ እናቷ ላይ መውደቋ ነው።

መጀመሪያ ላይ አጥፍቻለሁ። እንደ ምልምል «ተነሺ! ወደፊት!» አልኳት።

«ጋሼ፣ እኔ ወታደር አይደለሁም» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

እውነቷን ነው። አፈርኩ። ሱሪዬን ሰብስቤ የኔን እግር አሳየኋት። ከዚያ ፍራሽ አነጠፍኩና ሆን ብዬ ዘጭ አልኩ። ሳቀች።

«የምትፈሪው መውደቁን ነው፤ እንግዲያው እሱን እንማር» አልኳት። ስንት አርብ ወደቅን፣ ተነሳን። የሃምሳ አለቃዬን ቁጥር ሰጠኋት፤ የማን እንደነበረም ነገርኳት።

የተባለው እሑድ፣ እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ማርካ ፌርማታ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ባሱ መጣ። ስትወርድ አዳለጣትና ወደቀች። በተማረችው መንገድ፣ በጎኗ። ሰዉ «ሐራም» እያለ፣ ምስኪን ማለቱ ነው፣ ሊያነሳት ተሯሯጠ። እጄን ዘርግቼ አገድኩ። እኔም ላነሳት ቃጥቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ክራንቿን ሳበች፣ ደህናውን ጉልበቷን አጠፈች፣ ተነሳች። አቧራዋን አራግፋ አየችኝና፦

«ሦስት» አለች።

ከዘጠኛችን አራቱ እዚያው ቀርተዋል። አርብ አርብ በስማቸው እቆጥራቸዋለሁ። የኮረብታዋን ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ ዛሬ በማን እጅ እንዳለች አላውቅም። ገነት ግን ከጎኔ ባለው ማሽን ትሰፋለች። ሰሞኑን አንዲት አዲስ ልጅ መጥታልናለች፤ አወዳደቅ የምታስተምራት እሷ ናት።