ሚጡ ክርስትና ሳትነሳ

ወንድሜ ቸርነት ማዕተቡን በጥሶ መስኮቱ ላይ ጥሎት ወጣ። «ያሳክከኛል» አለ፤ በቃ። አስረኛ ክፍል የገባ ጎረምሳ ነው፣ ኳስ ሜዳ ይጠብቁታል። እናቴ ክሩን አይታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አነሳሁትና አሸተትኩት። ላብ ላብ ይላል። የምፈልገው ሽታ ሌላ ነበር።

እሱ ሲወለድ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ መንታ ወለደች፤ ቸርነትንና አንዲት ሴት። ሴቷን ስም እስኪወጣላት ሚጡ እንላት ነበር። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሕፃን አያስተኛም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንጎው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ በደብተሬ ሁለቱን ሳራግብ አመሻለሁ። ቸርነት ያለቅሳል፣ ሚጡ ታያለች። ጣቴን ከያዘች አትለቅም ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ «ሰው ሁለቴ ይወለዳል፤ አንዴ ከእናቱ፣ አንዴ ከውሃ» ትል ነበር። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሳ ያወቅኩት ከእሷ ነው። እንዴት እንዳናደደኝ! አብረው ተወልደው እሱ ለምን ይቀድማል?

«ሔዋን ገነት የገባችው ከአዳም ዘግይታ ነዋ» አለችኝ።

«ሔዋን ብትዘገይ ሚጡ ምን አደረገች?»

«ይቺ ምላስ! ስትጠመቂ ውሃው እሷጋ አልደረሰም» ብላ ሳቀች።

የቸርነት ቀን እናቴ ሴትም ወልዳለችና ሰማንያ ቀኗ ስላልሞላ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም። ሚጡን አዝዬ ከእሷ ጋር ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ። ቸርነት ነጭ ለብሶ፣ ማዕተብ አስሮ ወጣ። ግንባሩ ሜሮን ሜሮን ይሸታል፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ነገር አሽትቼ አላውቅም። ቤት ገብተን ሁሉም ከድግሱ ጋር ሲጣደፍ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቼ ግንባራቸውን አገናኘሁ። እንዲደርሳት ብዬ ነው።

እትዬ አልማዝ ያዘችኝ። «አንቺ! ሜሮን ጉንፋን መሰለሽ? አይተላለፍም!»

ሚጡን ክርስትና የምታነሳት አክስቴ አስቴር ነበረች፤ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ተራራው ላይ ጨንቻ የምትኖረው። ልጅ አልወለደችም። ሚጡ እንደተወለደች እናቴ «ይቺ ያንቺ ናት» አለቻት። አክስቴም ጥጡን በእጇ ፈተለች፣ ባሏም የሚጡን የክርስትና ነጠላ መሸመን ጀመረ።

ቀኗ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሚጡ ተኮሰች። ጤና ጣቢያ ወስደናት ሽሮፕ ሰጡን፤ የጠጣችውን ሁሉ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ጣቴን ሰጠኋት፣ አልያዘችውም። አባቴ ራቅ ብሎ ካምባ ገበያ ሄዷል፤ አክስቴን ደውለን ጠርተናታል። እትዬ አልማዝ ሮጣ ቄሱን ይዛ መጣች።

«የታመመ ሕፃን ቀን አይጠበቅለትም» አሉ አባ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ። «አሁኑኑ አምጧት። የምታነሳት ሴት ትኑር እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እኔ አነሳታለሁ» አለች እትዬ አልማዝ። ነጠላዋን አጣፍታ ጨርሳለች።

እናቴ ሚጡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት። «እህቴ መንገድ ላይ ናት።»

«አንቺ ሴት፣ ልጅቷን አታዪያትም?» አለቻት እትዬ አልማዝ።

«መሃን ስትባል ኖራ፣ የሰጠኋትን አንዲት ልጅ መልሼ ልንጠቃት? ትደርሳለች።»

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሃውን አዘጋጅቼ እጠብቃችኋለሁ» ብለው ሄዱ።

የጨንቻ መንገድ ያኔ ዝናብ ከጣለበት መንገድ አይባልም። በእትዬ አልማዝ ስልክ ስንደውል አክስቴ «መኪናው ጭቃ ገባ፤ በእግሬ ጀምሬያለሁ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ስልኩም ጠፋ። እናቴ «ደጁን እይልኝ» ትለኛለች፣ ወጥቼ አያለሁ፣ ማንም የለም። እንደገና «እይልኝ» ትላለች። ስወጣ ስገባ ዋልኩ።

አክስቴ የደረሰችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳለች፤ በፌስታል የጠቀለለችው ነጠላ ግን ጠብታ አልነካውም። «የታለች ልጄ?» አለች እየሳቀች። እናቴ ሚጡን ዘረጋችላት። አክስቴ ተቀበለቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ ጮኸች።

አባ መጡ። «የሞተ አይጠመቅም» አሉ። ፍትሐትም የለም። በክርስትናዋ ነጠላ ተጠቅልላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ከመስኮታችን የሚታየው ሾላ ሥር ተቀበረች። ከመውሰዳቸው በፊት ግንባሯን ሳምኳት፣ ደጋግሜ አሸተትኳት። ሽሮፕ ሽሮፕ ትል ነበር።

ዛሬ ጨንቻ በጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። ይቻላል እንጂ አክስቴና እናቴ ለቅሶ ቤት ካልሆነ አይገናኙም። ሾላው ተቆርጧል፤ ቦታው የባጃጅ መቆሚያ ሆኖ «ሲቀላ! ሲቀላ!» እየተባለ የታችኛው ከተማ ተሳፋሪ ይጠራበታል። እናቴ ሙታኖቿን ልታሳስብ ስትሄድ አብሬያት እሄዳለሁ። ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቋት የእናቷን፣ የአባቷን፣ የወንድሟን ትናገራለች። ከዚያ አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። በስም ነው የሚጸለየው፤ ስም ደግሞ ከውሃው ጋር ነው የሚሰጠው።

ሰዎች «እግዜር ሕፃን አይጠይቅም» እያሉ ያጽናኑናል። እኔ አልጽናናም። በሩ ተከፍቶ፣ ቄሱ ውሃው አጠገብ ቆመው ነበር እኮ! እኛ ነን ያልገባነው። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ ማሰቢያ ጊዜ ሞልቶኛል፤ ያን ቀን ከየትም በኩል ባየው አይስተካከልም።

ቸርነት ልብሱን ሊቀይር ሲመለስ ክሩን ቋጥሬ ሰጠሁት።

«አሁንም እሱን ይዘሻል?»

«እህትህ ይሄን አላገኘችም» አልኩት።

መንታ መሆኑን ያውቃል፤ ሌላውን ማንም አልነገረውም። ክሩን እያገላበጠ «ስሟ ማን ነበር?» አለ።

«ሚጡ።»

«እሱማ የቤት ነው። የክርስትናዋ?»

ክሩን ኪሱ ከተተና ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ ሾላው የነበረበት ቦታ ቆሞ ባጃጅ ይጠብቃል።