ድንኳን የሚታሰርበት ግንብ

የግቢዬ ግንብ ወደ መንገድ ያለው ፊቱ ለብዙ ዓመታት ሳይታጠብ ኖሮ ነበር። ከዋናው መንገድ የሚመጣው የከባድ መኪና ጥቀርሻና የአቃቂ አቧራ ከላይ አጥቁሮታል፤ ከግርጌው ደግሞ የክረምት እርጥበት አረንጓዴ ሻጋታ አልብሶታል። በሥራ ላይ ሳለሁ የማየው ጠዋት ስወጣና ማታ ስገባ በጨረፍታ ስለነበር እምብዛም አያስጨንቀኝም። ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ግን ከግንቡ ጋር ፊት ለፊት ተያየን። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል የጨረሰ ሰው የተጎሳቆለ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ለእኔም አልሆነልኝም።

ሥራውን ለቀን ሠራተኛ መስጠት እችል ነበር። በገዛ እጄ ልሠራው የወሰንሁት፣ ሌላ ሰው እንደኔ አድርጎ አይሠራውም ብዬ ነው። በጋው ሲገባ ጀመርሁ። የተላቀቀውን ልስን በመሮ አነሣሁ፤ ሻጋታውን በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ አርሼ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁ፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኜ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።

መንገድ ዳር የሚሠራ ሰው አስተያየት አያጣም። «ጋሼ፣ ባለሥልጣን በዚህ ሊያልፍ ነው እንዴ?» ትላለች ዘንቢል ይዛ የምታልፍ ሴት። የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ቱሉ ዲምቱ! ቱሉ ዲምቱ!» ሲል ይመጣና፣ እኔ ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ሳይቀንስ «ጋሼ፣ ይቺንም ታክሲ አንድ እጅ ይቀቡልን!» ብሎኝ ያልፋል።

ዋናው ተመልካቼ ግን የቀኝ ጎረቤቴ ነበሩ። በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚበልጡ፣ ሰፈሩ የእርሻ ማሳ በነበረ ጊዜ እዚሁ ተወልደው ያረሱ፣ ኋላም በፋብሪካ ጥበቃ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ለረጅም ጊዜ የዕድራችን ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ያን በጋ ታመው ነበር። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና ስሠራ ያዩኛል። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ የሚሉኝ «ሹሙ» ነው።

«ሹሙ፣ እዚያች ጥግ ላይ ዘለልህ።»

«አይቻታለሁ ጋሼ፤ እመለስባታለሁ።»

«መንግሥትም እንደሱ ይለናል።»

በግንቡ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ከፌሮ የተሠሩ አራት ቀለበቶች ነበሩ። ግንቡን ባሠራሁ ጊዜ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ያስቀበሯቸው እኚሁ ጎረቤቴ ናቸው። የሰፈራችን አፈር ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ ካስማ አይጨብጥም። ስለዚህ በመንገዳችን ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ድንኳን ሲተከል፣ የአንድ ወገኑ ገመድ የሚታሰረው ከእኔ ግንብ ነበር። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜም የለቅሶዋ ድንኳን የቆመው በእነዚሁ ቀለበቶች ነው። የመጀመሪያውን ቋጠሮ የቋጠሩት ጋሼ ራሳቸው ነበሩ፤ «ዳኛ ቁጭ ብሎ ያዝዛል እንጂ ገመድ አይስብም» ቢባሉም አልሰሙም።

ቀለበቶቹ ዝገው ከየሥራቸው ቡናማ መስመር ወደ ታች አውርደዋል። ዝገት ከሥሩ ካልተነሣ በላዩ የተቀባውን ቀለም ሁሉ ዘልቆ እንደሚወጣ አውቃለሁ። በብረት መጋዝ ቆረጥኋቸው፤ የቀረውን በመሮ ፈልፍዬ አወጣሁ፤ ቀዳዳዎቹን ደፍኜ፣ የት እንደነበሩ እስከማይታወቅ ድረስ አለሰለስሁ። በዚያች ሰዓት ዓይኔ ያየው ዝገቱን ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡና ግንቡን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት።

«የት ሄዱ?»

«ዝገታቸው ቀለሙን ያበላሽብኛል ጋሼ። ቀለሙ ሲደርቅ አዲስ እተክላለሁ።»

ሣቁ። «እንግዲያው ቶሎ በል። የኔን ድንኳን በምን ሊያስሩት ነው? በከዘራዬ?»

«ኧረ ይተዉ፤ ገና ብዙ ይኖራሉ።»

«እሱን ለሐኪሙ ንገርልኝ» አሉኝ።

ቀለሙ አማረ። ከግርጌው ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ከዚያ በላይ የደረሰ ስንዴ የመሰለ ቀለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ቦታ አይዛነፍም። ሰው ቆም ብሎ ያየው ነበር፤ እኔም ሲያየው አይ ነበር። አዲሶቹን ቀለበቶች ብረታ ብረት ቤት አሠርቼ፣ ፀረ ዝገት አስቀብቼ አመጣኋቸውና መስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኋቸው። ግንቡን መብሳት ነበረብኝ። መብሻውን ይዤ የወጣሁበት ቀን ነበር፤ የለሰለሰውን ፊት በመዳፌ ዳስሼ ተመለስሁ። ከፋሲካ በኋላ አልሁ። ፋሲካ አለፈና ዝናቡ ይለፍ አልሁ። ጋሼ ደግመው አልጠየቁኝም። ሲያልፉ ወደ ግንቡ ቀና ይሉና «እንዴት አደርህ ሹሙ» ብለውኝ ይሄዳሉ።

በሐምሌ አረፉ።

የዕድሩ ጥሩምባ ተነፍቶ ጥቂት እንደቆየ፣ ጎልማሶቹ ሸራውንና ቋሚዎቹን ተሸክመው መጡ። አንዱ የገመዱን ጫፍ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ጓደኞቹ እንዳዞረ፣ በለመደ እጁ ከራሱ በላይ ግንቡን ዳበሰ። እጁ በለሰለሰው ቀለም ላይ ወዲያና ወዲህ ተንሸራተተ።

«ቀለበቱ የታለ?»

«ወደ ግራ ነው እንጂ! ረሳኸው?»

«የለም እኮ ነው የምልህ!»

ቀለበቶቹን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። «አሁኑኑ እበሳዋለሁ» አልኋቸው።

አዲሱ የዕድሩ ዳኛ በትሕትና መለሱልኝ። «ሲሚንቶው በዚህ ዝናብ ዛሬ አይዝልንም። ደግሞ እንዲህ ያማረ ቀለም ባናበላሽብዎ ይሻላል።»

«ቀለሙን ተዉት!» አልሁ፤ በለቅሶ ቤት ደጅ ከሚገባው በላይ ጮኬ ኖሯል። ሰዎቹ ግን ዕቃቸውን አንሥተው ወደ ታች፣ ወደ ቦዩ ዳር፣ መሄድ ጀምረው ነበር።

ድንኳኑን በካስማ ተከሉት። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ካስማዎቹ ከጭቃው እየተነቀሉ ሸራው ውኃ አዝሎ በለቀስተኛው ላይ ዘነበለ። ወንዶቹ እየተነሡ ቋሚዎቹን በእጃቸው ደግፈው ቆሙ። እኔም አንዱን ያዝሁ። አስተዛዛኝ ገብቶ ሲወጣ፣ ውኃው በክንዴ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ሲገባ፣ እዚያው ቆምሁ። ከቆምሁበት ግንቤ ፊት ለፊት ይታየኛል። ቦታ ያጡ ሰዎች በአጠገቡ ቆመው ነበር፤ ሊደገፈው የቃጣውን አንዱን ሰው አንዲት ሴት በክንዱ ስትይዘው አየሁ፤ «የባለግንቡን ቀለም እንዳታቆሽሽ» አለችው።

ልሰናበት ስገባ የጋሼ ባለቤት እጄን ይዘው «በስብሰሃል እኮ» አሉኝ። ቀጥለውም «ግንቡን እንዴት ይወድልህ ነበር! ሹሙ ሰፈሩን አሳመረው ይል ነበር» አሉ። ከንፈራቸው ላይ ወቀሳ ፈለግሁ፤ አልነበረም።

ቀለበቶቹን በሳምንቱ ተከልኋቸው። ስበሳ ቀለሙ በየቀዳዳው ዙሪያ ተላጠ፤ አልጠገንሁትም። አርባቸው ሲቃረብ ገመዱ እንደ ዱሮው ከኔ ግንብ ይታሰራል ብዬ መሰላሉን ሳይቀር አውጥቼ አስደግፌ ነበር። ዕለቱ ሲደርስ ግን ድንኳኑ በእሳቸው ግቢ ውስጥ፣ በቤቱና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ተጣጥፎ ቆሞ አገኘሁት።

«ምነው እትዬ? መንገዱ ላይ አይሻልም ነበር?»

«ግንብህን እንዳናስቸግርህ ብለን ነው።»

«ቀለበቶቹን መልሻቸዋለሁ እኮ። አላዩአቸውም?»

«አይቻቸዋለሁ ወንድሜ፤ እግዜር ይስጥህ» አሉኝና እንጀራ ወደሚቀርብበት ዞር አሉ። «ለሌላ ጊዜ ይሆናሉ።»

ፀረ ዝገቱ ጥሩ ነው፤ ዘንድሮም አልዛጉም። ገመድ ግን እስካሁን አልነካቸውም።