በጭብጨባ የጸደቀው

ስሟን ያወጣላት ሰው ምን ታይቶት ነው ያሰኛል። ትዕግሥት! ሐይቁ ዳር ባለው ሰፈራችን፣ በአሞራ ገደል፣ እንደ እሷ ትዕግሥት የሌለው ሰው የለም። ጠዋት ጀልባ እንደደረሰ ዓሣዋን መርጣ፣ ዛፍ ሥር ድስቷን ጥዳ፣ ሾርባ እየቀዳች ያገኘችውን ሁሉ ትወርፋለች፤ ዓሣ አጥማጁንም፣ ባለባጃጁንም፣ መንግሥትንም። ደንበኛው ለሾርባው ይመጣል፣ ለወሬው ይቆያል። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ድስት ነው።

አጠገቧ ሻይ የምትሸጠው ጓደኛዋ አስማ፣ "በዚህ አፍሽ አንድ ቀን የሰው ጥርስ ውስጥ ትገቢያለሽ" ትላታለች።

"ከገባሁ ቆየሁ እኮ! ያኘከኝ ነው የታጣው።"

በቀደም አዲሱ የቀበሌ ሊቀመንበር አቶ ሕዝቅያስ ስብሰባ ጠራ። ሐይቁ ዳር እንዲጸዳ፣ ምግብና ሻይ የሚሸጡ ሁሉ ተነሥተው ከዓሣው ገበያ ወደራቀው የቡሹሎ መንገድ እንዲሄዱ ተወስኗል፤ የቀረው ማጽደቅ ብቻ ነው። የእኛ ስብሰባ ደግሞ ይታወቃል። አስተያየት ይሰጣል፣ ይጨበጨባል፣ "ጸድቋል" ይባላል፣ ወደ ቤት ይኬዳል።

"አስተያየት ያለው?" ሲባል ትዕግሥት ብድግ አለች። አስማ ቀሚሷን ጎተተቻት፤ ማን ሊሰማት! ትዕግሥት የምታስበው ስለ ድስቷ ነው። እዚያ መንገድ ዳር ማን መጥቶ ሾርባ ይጠጣል? ድስቷ ከዚህ ከተነሣ አለቀላት።

"ዓሣው እዚህ እየወጣ ሾርባው እዚያ ምን ይሠራል? ዓሣው ባጃጅ ተሳፍሮ ይምጣልን? ቆሻሻውን እኛው እንጥረግ፣ እዚሁ ተዉን!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ሕዝቅያስ ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ጭብጨባ ሲሰማ አፉ የለመደውን አወጣ፦ "እናመሰግናለን፤ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!"

ወይ ጉድ! ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። ጸሐፊው ሮጦ በጆሮው ሹክ ሲለው የሊቀመንበሩ ፊት ቲማቲም መሰለ። ያኔ ሳቁ ቀጥ አለ። አስማ "በቃ፣ ጉዳችን ፈላ" ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ሰውዬው ስልኩን ኪሱ ከተተ። "ሳላዳምጥ ነው ያጸደቅሁት፤ ነውር ነው" አለ። "እትዬ ትዕግሥት፣ እባክዎ ይድገሙልኝ። አሁን እየሰማሁ ነው።"

ትዕግሥት ያን ሁሉ ዘመን ስትጮህ "ድገሚልኝ" ያላት ባለሥልጣን አልነበረም። እንባዋ መጣ።

"እንጀራዬ ነው" አለች በቀጭን ድምፅ። "እዚያ ከሄድኩ ይቋረጣል።"

አቶ ሕዝቅያስ ወደ ሕዝቡ ዞረ። "ውሳኔውን ስናወጣ ማናችሁንም አልጠየቅንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ተሽሯል። በየቦታችሁ ቆዩ፣ ጽዳቱን አብረን እንሠራለን።"

እልልታው ቀለጠ። ትዕግሥት ግን አልተቀመጠችም። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"እንግዲያው" አለች፣ "ስለ ደረቀው የሰፈራችን ቧንቧም የምለው አለኝ።"

"ይናገሩ" አለ ሊቀመንበሩ፣ ወንበሩን እየሳበ ወደ እሷ ተጠግቶ።